ሠንጠረዥን ከፓይተን ወደ አር፣ ከአር ወደ ፓይተን ማሻገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ አንድ ጥናት በሁለትና በሦስት ሰው ላፕቶፕ ላይ መዞሩ የተለመደ ነው። የጤና ልጆች ኤስፒኤስኤስና ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ይዘው ይመጣሉ። የግብርናው ሰው አር የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይላል። ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከቴክኖሎጂው ግቢ፣ የመጣው ደግሞ ፓይተን የሚባለው ሌላ ቋንቋ ካልሆነ አይነካም። ዳታው ግን ያው አንድ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ዳታው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ ለማስረዳት የመጡ ናቸው፤ ከማንም ጥናት አልተወሰዱም።

በመጀመሪያ፣ በአንዱ ቋንቋ መጨረስ አይቻልም?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። የሚያስፈልጋችሁ ካይ ስኩዌር፣ አንድ ሎጂስቲክ ሪግሬሽንና ሁለት ግራፍ ከሆነ አትሻገሩ። ሁለቱም ቋንቋዎች ይሠሩታል።

መሻገር የሚያዋጣው ጽዳቱ በፓይተን ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሞዴሉ በአር የተሻለ ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ሲኖረው ነው። ወይም አድቫይዘሩ አር ብቻ የሚያነብ ሲሆን። በእኔ ግምት ሁለተኛው ምክንያት ይበዛል።

ዝም ብዬ ሲኤስቪ አድርጌ ብልከውስ?

ይሄዳል። ሲኤስቪን፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበትን ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ የማይከፍት ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። ሲበላሽም በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ችግሩ ሲኤስቪ የሚያውቀው ጽሑፍና ኮማ ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ዓምድ ቀን ነው፣ ያኛው ኮድ ነው፣ ይህኛው ቁጥር ነው ብሎ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ተቀባዩ ቋንቋ ይገምታል። አር በራሱ መንገድ ይገምታል፣ በፓይተን ሠንጠረዥ የሚይዘው ፓኬጅ፣ ፓንዳስም በራሱ።

የግምቱን ጉድ እንይ። የእናቶች ጤና ጥናት ነው እንበል፤ ተሳታፊዎቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው። ጾታ የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች በላቲኑ ኤፍ ተሞልቷል። ፓንዳስ እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል። አር ግን ኤፍን «ፎልስ» (ሐሰት) የሚለው ቃል ማሳጠሪያ አድርጎ ያውቀዋል። ዓምዱ በሙሉ «ፎልስ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ከመካከል አንድ ኤም ብትኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የስህተት መልእክት ደግሞ የለም፤ ኮዱ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ተቃራኒውም አለ። የቡና ምርት ዓምድ በኪሎ ተሞልቶ ሳለ አንድ መረጃ ሰብሳቢ «3 ፈረሱላ» ብሎ ከጻፈ ዓምዱ በሙሉ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ለእኛ ግልጽ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ፊደል ነው። ይህን ከማሻገር በፊት አስተካክሉት። ካለፈ በኋላ ጥፋቱ የመላኪያው መስሎ ይታያል።

መፍትሔው ግምትን መከልከል ነው። በአር ፋይሉን ስታነቡ ኮልክላስስ በሚለው፣ በፓንዳስ ዲታይፕ በሚለው የእያንዳንዱን ዓምድ ዓይነት ራሳችሁ ንገሩት። አንድ ጊዜ ያደክማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ትተኛላችሁ።

ፓርኬ የሚሉት ምንድን ነው? ፌዘርስ?

ሁለቱም የዓምዱን ዓይነት ከዳታው ጋር አብረው የሚይዙ የፋይል ፎርማቶች ናቸው። ፓርኬ በ2013 ከትዊተርና ከክላውዴራ የወጣ ነው። ፌዘር ደግሞ በ2016 ለዚሁ ለእኛ ችግር ተብሎ ነው የተሠራው። የፓንዳሱ ዌስ ማኪኒና በአር ሰዎች ዘንድ የታወቀው ሃድሊ ዊክሃም ሠንጠረዥ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል በቀላሉ እንዲያልፍ ብለው አወጡት። አሁን ያለው ፌዘር አፓቺ አሮው በሚባለው ፕሮጀክት ውስጥ ነው።

የቱን ልምረጥ ካላችሁ ፓርኬ። ፋይሉን አጥብቆ ያሳንሰዋል፤ በቴሌግራም ለሚልክ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፌዘር ለፈጣን ጊዜያዊ ልውውጥ ይመቻል። ከፓርኬው ጎን አንድ ሲኤስቪ ማስቀመጡም አይከፋም፤ ፓርኬን በኖትፓድ ከፍቶ ማንበብ አይቻልምና።

ከአር የመጣው ፋይል ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ስም የለሽ ዓምድ አለ። ከየት መጣ?

የረድፍ ቁጥር ነው። አር ሲጽፍ ረድፎቹን ይቆጥርላችኋል፤ ፓንዳስም ኢንዴክስ የሚለውን የረድፍ መለያ ይጨምራል። ስትጽፉ በአር ሮው ኔምስ፣ በፓንዳስ ኢንዴክስ የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ፓርኬም ከዚህ ነፃ አይደለም። ፓንዳስ ውስጥ ረድፎችን አጣርታችሁ ከላካችሁ የቀድሞው ኢንዴክስ አር ዘንድ ተጨማሪ ዓምድ ሆኖ ብቅ ይላል። ከመላካችሁ በፊት ሪሴት ኢንዴክስ አድርጉ፣ አሮጌውንም ጣሉት።

ባዶ መልሶች ሲሻገሩ ለምን ይቀየራሉ?

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አርን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የስታቲስቲክስ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «መልስ የለም» የሚለው ነገር፣ ኤንኤ የሚባለው፣ በቋንቋው ውስጥ ገና ከመሠረቱ አለ። ለቁጥርም ለጽሑፍም ይሠራል። ፓይተን ግን ለሁሉም ሥራ የተሠራ ቋንቋ ነው። ፓንዳስ በ2008 ሲጀመር ለባዶ ቦታ ናን የምትባለውን ልዩ የአስርዮሽ ቁጥር ተዋሰ። ከዚያ የሚከተለውን አስቡት። በቤተሰብ ብዛት ዓምድ ውስጥ አንድ ባዶ ካለ ዓምዱ በሙሉ ወደ አስርዮሽ ይቀየራል። 4 የነበረው 4.0 ይሆናል። ለብዛት ምንም አይደለም፤ ለመለያ ቁጥር ግን 41 እና 41.0 እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸሩ አይገናኙም። ፓንዳስ ባዶ መያዝ የሚችል የሙሉ ቁጥር ዓይነት አለው፤ በትልቁ አይ የሚጀምረው ኢንት64 ነው። እሱን ተጠቀሙ።

ፓንዳስ ባዶውን በሲኤስቪ ሲጽፍ እንዲሁ ባዶ ይተወዋል። አር ሲያነብ የቁጥር ዓምድ ከሆነ ኤንኤ ያደርገዋል። የጽሑፍ ዓምድ ከሆነ ግን ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «የትምህርት ደረጃ» ላይ ስንት ሰው አልመለሰም ብላችሁ ስትጠይቁ አር ዜሮ ይላችኋል። ስታነቡ ኤንኤ ስትሪንግስ በሚለው ቦታ ባዶውንም አስገቡ።

ወደ ፓይተን በኩል ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፓንዳስ ኤንኤ የሚሉትን ሁለት የላቲን ሆሄያት ባየ ቁጥር ባዶ ያደርጋቸዋል። ወረዳን በሁለት ሆሄ የሚያሳጥር ሰው የናዳ ወረዳን ምን ብሎ እንደሚጽፍ አስቡ። ወረዳው ከነሕዝቡ ይጠፋል።

መጠይቁ ላይ 99 ወይም 999 «አላውቅም» ከሆነ ደግሞ ይህን የትኛውም ፎርማት አያውቅላችሁም። ዕድሜው 99 የሆነ ሰው እውነትም 99 ሊሆን ይችላል። ከማሻገራችሁ በፊት ወስኑ።

የቤተሰብ መለያ ቁጥሮቼ ተበላሹ። ምን ነካቸው?

መለያ ቁጥር ቁጥር አይደለም። አይደመርም፣ አማካይ አይወጣለትም። ስለዚህ ጽሑፍ ይሁን። ቁጥር ከሆነ 0041 ዜሮዎቹን ጥሎ 41 ይሆናል። በ09 የሚጀምር ስልክም ያው ነው።

የአር የራሱ ነገርም አለ። በአስርዮሽ ዓይነት የተያዘ 100000 ወደ ሲኤስቪ ሲጻፍ «1ኢ+05» ሆኖ ይወጣል፤ አጠር ስለሚል ነው። ገንዘብ ከሆነ ፓይተን መልሶ ያነበዋል። መለያ ከሆነ ግን አንድ ቤተሰብ ከሌላው ሠንጠረዥ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ከ99999 እና ከ100001 መካከል አንዷ ብቻ ነች የምትጎድለው፤ ማን ያያታል? ሳይፐን የሚለውን ማስተካከያ 999 ብታደርጉት ይቆማል። መለያውን ጽሑፍ ማድረጉ ግን ይሻላል።

ቀኖቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። እንዴት እናሻግራቸው?

ከማሻገራችሁ በፊት ቀይሩ። ጥያቄው ራሱ ረጅም መልስ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ስህተቱ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም።

መረጃ ሰብሳቢው 2016-02-30 ብሎ ጻፈ እንበል፤ ጥቅምት 30 ማለቱ ነው። አርም ፓንዳስም የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ለእነሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ አይቀበሉትም። ጳጉሜም እንዲሁ፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ለእነሱ የለም። አር ፎርማቱ ሲነገረው ዝም ብሎ ኤንኤ ያደርጋቸዋል። ፓንዳስ ይጮሃል፤ ግን ብዙ ሰው ጩኸቱን ኮኧርስ በሚለው አፍኖት ያልፋል።

የሚያሳስበው ግን የተቀበሉት ነው። 2016-03-12፣ ኅዳር 12 ማለት ነው፣ ያለ ምንም ችግር ማርች 12 ሆኖ ይገባል። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የቃለ መጠይቁ ቀን ደግሞ በስልኩ በፈረንጅ ከተመዘገበ የሁለት ዓመት ሕፃን ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ይሞላዋል። የሕፃናት ቁመት ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያይ ካለፈ መቀንጨሩ ሰማይ ይነካል።

ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ሰብስቡ። ቅየራውን በአንዱ ቋንቋ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉ። ሁለቱንም ቀኖች አስቀምጡ፤ ስማቸው ላይም የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፉ። መቀየሪያውን ደግሞ በምታውቁት ቀን ፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ሁለቱንም በትክክል ካልመለሰ ሌላ ፈልጉ። ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ መገላገል የሚባለውን ነገር እርሱት።

ሰዓትም አለ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ 2፡00 የተመዘገበ ለኮምፒውተሩ ሌሊት ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፉ ሥልጠናው ላይ ተናገሩ፤ በኋላ መገመት አይቻልም።

አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚሄድ ዳታ ካያችሁ ደግሞ የሰዓት ቀጠና ጉዳይ ነው። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። የእኛ እኩለ ሌሊት እዚያ ያለፈው ቀን 21፡00 ነው። ቀን ብቻ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሰዓት አታያይዙበት።

የአማርኛ ስሞች ኤክሴል ላይ የማይነበብ ነገር ሆኑ።

ፋይሉ ምናልባት ደህና ነው፤ ኤክሴል ነው ያላወቀው። ከፓንዳስ ስትጽፉ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ በፋይሉ የሚቀመጡበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 ሲግ በሉት፣ ኤክሴል ይገባዋል። ያንኑ ፋይል አር ሲያነብ ግን የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ ትርፍ ምልክት ሊለጠፍ ይችላል፤ ቢኦኤም የሚለውን ኢንኮዲንግ ምረጡ። በዊንዶውስ ላይ ከ4.2 በፊት ያለ አር የግዕዝ ፊደል ያስቸግረዋል። ስታታም ዩኒኮድ፣ ግዕዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን ስልት፣ የጀመረው በ2015 በወጣው 14ኛው ነው። አሮጌ ኮፒ ካላችሁ አትድከሙ።

ከኢንኮዲንግ በኋላ ደግሞ የፊደላችን ነገር ይመጣል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለት ሠንጠረዥ በስም ማገናኘት ካለባችሁ ሞክሼ ፊደላትን መጀመሪያ ወደ አንድ አምጧቸው። የተሻለው ግን በስም አለማገናኘት ነው።

በቁቤ የተጻፈ የቦታ ወይም የሰው ስም ያላችሁ ደግሞ ሁዻን ልብ በሉ። ምልክቷ ነጠላ ጥቅስ ናት። የአር ሪድ ቴብል የሚባለው ትእዛዝ ነጠላ ጥቅስን የጽሑፍ መክፈቻ አድርጎ ይወስዳል። ከአንዷ ሁዻ እስከ ቀጣዩዋ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ስም ሊውጠው ይችላል። ረድፎች ካነሱባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ሪድ ሲኤስቪ የሚባለው እንዲህ አያደርግም።

ኤስፒኤስኤስ ወይም የስታታ ፋይል ነው ያለኝ። መጀመሪያ ወደ ኤክሴል ልቀይረው?

አይ፣ ተዉት። ሁለቱም ቋንቋዎች በቀጥታ ያነቡታል፤ አር በሄቨን፣ ፓይተን በፓይሪድስታት ወይም በራሱ በፓንዳስ። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። «1 ያገባ፣ 2 ያላገባ» የሚለውን ዓምድ ፓንዳስ ስታታን ሲያነብ ወደ ቃሉ ይቀይረዋል። ሄቨን ግን ቁጥሩን ይዞ መለያውን ከጎኑ ያንጠለጥላል። ያው ፋይል፣ ያው ዓምድ፣ በአንዱ ቃል በሌላው ቁጥር። በአር ፋክተር (የምድብ ዓምድ) ካደረጋችሁት በኋላ ወደ ቁጥር ስትመልሱት ደግሞ የመጀመሪያው ኮድ አይመጣም፤ ከ1 የሚጀምር ተራ ቁጥር ነው የሚመጣው። ፓንዳስ ደግሞ ከ0 ይጀምራል። ስለዚህ ኮዱን ሳይሆን ቃሉን አሻግሩ።

ያለ ፋይል፣ በቀጥታ ማስተላለፍ አይቻልም?

ይቻላል። በአር ውስጥ ሬቲኩሌት የሚባለው ፓኬጅ ፓይተንን ያስነሳላችኋል፤ የፓንዳስ ሠንጠረዥ ወዲያው የአር ሠንጠረዥ ይሆናል። ከፓይተን በኩል ለሚመጣ አርፓይ2 አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ማስነሳቱ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ጥሩ ነው። ለሁለት ሰው ግን ፋይል ይሻላል፤ ማን ምን እንደላከ በኋላ መመልከት ይቻላል።

ከአር የሙሉ ቁጥር ዓምድ በቀጥታ ስታስተላልፉ -2147483648 የሚል ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ። አር ኤንኤን በውስጡ የሚይዝበት ቁጥር ነው፤ ሳይተረጎም አልፏል ማለት ነው። አማካዩ ውስጥ ግን እንዳይገባ።

ዳታው በትክክል ተሻግሯል፤ ውጤቱ ግን ይለያያል። ለምን?

እንግዲያው ጉዳዩ የዳታ አይደለም። በብዛት የሚያጋጥመው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው። የፓይተኑ ሳይኪት ለርን ካልነገራችሁት በስተቀር ኮኤፊሸንቶቹን ወደ ዜሮ የሚስብ ቅጣት ይጨምራል። ለትንበያ የተሠራ ነውና አይፈረድበትም። የአሩ ጂኤልኤም ግን ይህን አያደርግም። ኦድስ ሬሾው የማይገጥመው ለዚህ ነው። በፓይተን ስታትስሞዴልስን ተጠቀሙ፤ ኮንስታንቱን ግን ራሳችሁ ጨምሩ፣ ሎጂት የሚለው ትእዛዝ ራሱ አይጨምርም።

ቀጥሎ የማነጻጸሪያውን ምድብ እዩ። አር ጽሑፍን ፋክተር ሲያደርግ በፊደል ተራ የመጀመሪያውን ይይዛል። ኤስፒኤስኤስ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን የመጨረሻውን ነው የሚይዘው። ኦድስ ሬሾው 2 የነበረው 0.5 ሆኖ ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽንም እንዲሁ፤ አርና ፓንዳስ በኤን (በናሙናው ብዛት) ሲቀነስ አንድ ያካፍላሉ፣ የፓይተኑ ነምፓይ ግን በኤን።

መሻገሩን እንዴት ላረጋግጥ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ላኪው ከመላኩ በፊት፣ ተቀባዩም ከተቀበለ በኋላ እነዚህን ያውጡ፦ የረድፍና የዓምድ ብዛት፣ በየዓምዱ ያለ የባዶ ብዛት፣ የአንድ ሁለት የቁጥር ዓምዶች ድምር፣ ትንሹና ትልቁ ቀን፣ በወረዳ ዓምድ ስንት የተለያየ ስም እንዳለ። በቴሌግራም ጎን ለጎን አስቀምጡት። አስርዮሽ ቁጥሮችን ግን ፍጹም እኩል ይሁኑ አትበሉ፤ በመጨረሻዎቹ አሃዞች ትንሽ ልዩነት ያለ ነው።

ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ላፕቶፔም አቅም የለውም። ይህ ሁሉ ይጫናል?

የአር አሮው ፓኬጅ ከበድ ይላል። ፓርኬ ማንበብና መጻፍ ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ ናኖፓርኬ የሚባል ቀላል ፓኬጅ አለ፣ ሌላ ነገር አይጎትትም። ለተራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ለፓይተን ፓይአሮው ያስፈልጋችኋል፤ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት አውርዳችሁ በፍላሽ ለጓደኛ ማካፈል ይቻላል፣ የፓይተናችሁ ቨርዥን አንድ ከሆነ።

ዳታው ከራም በላይ ከሆነ ዳክዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ ሞክሩ። ከሁለቱም ቋንቋዎች ይጠራል፣ የፓርኬውን ፋይል ሙሉውን ሳይጭን የምትፈልጉትን ወረዳና ዓምድ ብቻ አውጥቶ ይሰጣል። ፋይሉ ውስጥ የታካሚ ስምና ስልክ ካለ ግን በፍላሽ ከመዞሩ በፊት እነዚያን ዓምዶች አውጡ፤ ለትንተናው መለያ ቁጥሩ ይበቃል።